አላውቃትም ያለው አፍ

ክንዱ ያንን ቃል የተናገረው በጥር ወር፣ ቅዳሜ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነው። የእናቱ ሆቴል በረንዳ ከአዲስ አበባ በመጡ ሹማምንት ጢም ብሎ ነበር። ቃሉ አጭር ነው፤ አንድ ትንፋሽ እንኳ አይፈጅም። ከዚያ ወዲህ ግን ያቺን ቃል ሳያስታውስ የጎረሳት ጉርሻ፣ ሳያስታውስ የተኛት እንቅልፍ የለችም።

የወይዘሮ የዓለምወርቅ ሆቴል ከጎንደር ፒያሳ ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ምድር ቤቱ የገብስና የቢራ መጋዘን ሲሆን እንግዳ የሚበላውም የሚያድረውም ፎቅ ላይ ነው። ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ ሽቅብ የሚወጣው የድንጋይ ደረጃ የባለቤቲቱ ኩራት ነበር። «ደረጃዬን የሚወጣ ሰው ሹመት ሊቀበል የሚሄድ ይመስለዋል» ይሉ ነበር ወይዘሮ የዓለምወርቅ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። ክንዱ አንድ ልጃቸው ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ ሆቴሉን ከእናቱ ጋር የሚያስተዳድረው እሱ ነው።

ወለተሩፋኤልን ያያት በጥቅምት፣ ለሆቴሉ በግ ሊገዛ ዳባት በወጣ ጊዜ ነበር። የመሪጌታ ሐብተ ማርያም ልጅ ናት። በበቅሎ ላይ ሆና ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ፤ እሱ መንገድ መልቀቁን ረስቶ ቆሞ ቀረ። «ወንድሜ፣ በቅሎዋ ሰው መርገጥ አትወድም» አለችው እየሳቀች። በማግስቱ ሰበብ ፈልጎ ወደ ቤታቸው ሲሄድ ወንድሟ አላምረው ከበቅሎ ላይ አቅፎ ሲያወርዳት አየ። እግሮቿ በሕፃንነቷ በያዛት በሽታ ሰልለው ቀርተዋል። ከቀሚሷ በታች ቆዳ አገልድማ፣ በመዳፎቿም የቆዳ መያዣ አጥልቃ እየተንፏቀቀች ነው የምትሄደው።

«ካየኸው አይቀር ደህና አድርገህ እየው» አለችው ቀና ብላ። «ከዚህ ሌላ የደበቅሁት ነገር የለም።»

ክንዱ አየ፤ ልቡም አላፈገፈገም። ከዚያ ወዲያ በግ ያልጎደለበት ሆቴል በግ ጎደለው እየተባለ ዳባት መመላለስ ሆነ። መሄድ ያልቻለ እንደሆነ በጭነት መኪና ሾፌሮች እጅ ደብዳቤ ይልካል። አባቷ ፊደል አስቆጥረዋት ስለነበር እሷም በራሷ እጅ ትመልስለታለች። አንድ ቀን እንዲህ ስትል ጻፈችለት፤ ጎንደር አንድ የውጭ አገር ሐኪም መጥቷል፣ ለሰለለ እግር ብረት እየለካ ያስራል፣ በብረቱ መቆም እስኪለምዱ ግን ከተማ መሰንበት ያስፈልጋል፣ ማረፊያ ደግሞ የለንም።

ክንዱም «የእናቴ ቤት እያለ?» ሲል መለሰ።

«ቤታችሁ ደረጃ አለው ይባላል።»

«እኔ እያለሁ ደረጃ ምንድን ነው?»

ይህን ጽፎ ሲልክ ለእናቱ ስለ ልጅቱ ትንፍሽ አላለም ነበር። ነገ እነግራታለሁ ይላል፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ እንግዳ ይበዛል፣ የእናቱ ፊት ይከብዳል፣ ምላሱ ይታሰራል። እንዲህ እያለ ጥር ገባ።

የአውቶቡሱ ረዳት «ሰው ነው ወይስ ዕቃ የምትጭኑት?» ብሎ አሽሟጦ ስላለፋቸው ወለተሩፋኤልና አላምረው በበቅሎ መጡ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ አንዲት ጠላ ሻጭ ምድጃዋ አጠገብ አስተኝታት፣ ጠዋት እጇን አስታጥባ ሸኘቻት። ጎንደር ሲደርሱ አላምረው በቅሎዋን ሊያስር ወደ ማዶው ዛፍ ሄደ። እሷ ግን መጠበቅ አልፈለገችም። ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ደረጃውን በእጆቿ ትወጣው ጀመር።

«እግዜር ይስጥሽ፣ እናቴ» አለ ዘበኛው እየሮጠ መጥቶ። «ዛሬ እንግዶች አሉ፣ ሂጂ።»

«ልለምን አልመጣሁም። የክንዱ እንግዳ ነኝ። ጥራልኝ።»

ክንዱ ከላይ፣ በረንዳው ላይ፣ ጠርሙስ ይዞ ለሹማምንቱ ጠጅ እየቀዳ ነበር። ድምጿን ሲሰማ መቅዳቱን አቆመ። ከእንግዶቹ አንዱ በበረንዳው አጎንብሶ አየና፣ «ወይዘሮ የዓለምወርቅ፣ ሆቴልዎ ጠበል ፈልቆበታል እንዴ? ድውይ ሁሉ ሽቅብ ይወጣል!» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ፊታቸው ቀላ። ወደ ልጃቸው ዞር ብለው፣

«ስምህን ትጠራለች። ታውቃታለህ?» አሉት።

ወለተሩፋኤል ከደረጃው መካከል ቀና ብላ አየችው። ከሁለት ቀን መንገድ በኋላም ፊቷ ብሩህ ነበር። ፈገግ ልትል ስትጀምር ክንዱ አየ። ያቺን ፈገግታ እያየ ነው እንግዲህ፣

«አላውቃትም» ያለው።

አላለቀሰችም። ዕቃ እንደ ጠፋበት ሰው ፊቱን ፈተሸችው፤ የምትፈልገውንም ያጣች መሰለች። ከዚያ ዞራ መውረድ ጀመረች። መውረዱ ከመውጣቱ ይልቅ ያስቸግራት ነበር። የመዳፎቿ ቆዳ በድንጋዩ ላይ ሲፋቅ ከሹማምንቱ ሳቅ በላይ ለክንዱ ተሰማው። ጠርሙሱን እንደያዘ ቆመ። ማንም አልያዘውም ነበር፤ እሱ ግን አልተነቃነቀም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ወደ ጓሮ ሲወርድ አጎቱ አያ ዳኛው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የኮርቻ ጠፍር ይጠግናል። ዳኛው የወይዘሮ የዓለምወርቅ ታላቅ ወንድም ነው። በአርበኝነት ሲዋጋ ኖሮ ጣሊያን ሊወጣ ሲል ፈንጂ ረግጦ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል፤ ሌላውም አይታዘዝለትም። ክንዱ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ የሚያውቀው በጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ሲኖር ነው።

«ማን ናት ልጅቱ?» አለ ዳኛው ቀና ሳይል። «‘የክንዱ እንግዳ ነኝ’ ስትል ሰማኋት። ድምጿ ሸጋ ነው።»

ክንዱ መሬቱ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «አላውቃትም አልሁ፣ አያ።»

«እሱንም ሰማሁ።»

«ሮጬ ልድረስባት?»

«ደርሰህ ምን ልትላት?»

ዳኛው ጠፍሩን አኖረና ወደ ፎቁ እየተመለከተ፣ «እኔ የዚህን ፎቅ ውስጡን አይቼው አላውቅም እኮ» አለ፣ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል። «እናትህ ቤቱን ከገዛችው ጀምሮ ማለቴ ነው። ስትስቁ እሰማለሁ። ወንበር ሲጎተት እሰማለሁ። ዛሬ ስንት እንግዳ እንዳለ በኮቴው አውቃለሁ። ወጡ ግን ሁሌም ቀዝቅዞ ነው የሚደርሰኝ።»

«ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትነግረኝ?»

«አንተስ ምነው አንድ ቀን ሳትጠይቀኝ?»

ክንዱ ተነሥቶ ሮጠ። በከተማው ሲጠያይቅ ልጅቱና ወንድሟ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ሲሉ መዋላቸውን፣ በመጨረሻም በዳባት መንገድ መውጣታቸውን ነገሩት። ወለቃ ሲደርስ የሸክላ ሠሪዎቹ ሴቶች በቅሎ የተቀመጠች ልጅ ቅድም አለፈች አሉት። ወደ ዳገቱ አየ። ጀምበር ገና አልጠለቀችም፤ ቢሮጥ ይደርስባት ነበር። ግን ያንን የፈተሸውን ዐይን እንደገና ማየት ፈራ። ሙሉ እግር ያለው ሰው፣ መንገዱ ፊቱ ተዘርግቶ፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከቃሉ ይልቅ ይህ መመለሱ ለብዙ ጊዜ አንገበገበው።

ደብዳቤ ጻፈ። ቀደደው፤ ደግሞ ጻፈ። የመጨረሻውን ለሾፌር ሰጥቶ፣ ከዚያ በኋላ የሚቆም መኪና ባየ ቁጥር እየተንደረደረ ወጣ። መልሱ የመጣው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። ያ ጥሩ የእጅ ጽሕፈቷ እንዲህ ይል ነበር፤

«ደብዳቤህ ደርሶኛል። የጻፈውን ሰው ግን አላውቀውም። ወለተሩፋኤል።»

አንብቦ አጠፈው። ከፍቶ ደግሞ አነበበው። አልተናደደም፤ ቃሉ የራሱ ነው፣ ተመልሶ ወደ ባለቤቱ መጣ እንጂ። ያን ቀን ሳይውል ሳያድር እናቱ ዘንድ ገባ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«እማዬ፣ ምግብ ቤቱን ወደ ምድር ቤት እናውርደው። መጋዘኑን እናጽዳና መኝታ ክፍልም እናውጣለት። ከመንገዱ እስከ በሩ ድረስ ደግሞ ደረጃ የሌለው መንገድ እናስነጥፍ። በምርኩዝ የሚሄደውም፣ የሚንፏቀቀውም፣ ዐይነ ስውሩም ማንንም ሳይለምን የሚገባበት።»

«ለማን ብለን?»

«አላውቃትም ላልኋት ልጅ። አውቃታለሁ፣ እማዬ። ላገባት ያሰብኋት ልጅ ናት።»

ምስሩ ከወይዘሮ የዓለምወርቅ ጣቶች መካከል ፈሰሰ። «ታዲያ ያን ቀን ምነው…»

«ፈራሁ። አንቺን ፈራሁ። እነዚያን የሚስቁትን ሰዎች ፈራሁ። ነገ ስማቸውን እንኳ ለማላስታውሳቸው ሰዎች ብዬ ሸጥኋት።»

«ክንዱ፣ አንድ አንተን ነው የወለድሁ። የየዓለምወርቅ ልጅ ሽባ አገባ ተብሎ አገር ይሳቅብኝ? ሆቴሌስ? የድውይ ማረፊያ ነው ከተባለ ደህና ሰው መች ይረግጠዋል?»

«የዓለም!» አለ ከታች የመጣ ድምፅ።

ሁለቱም በበረንዳው ተደፍተው አዩ። ዳኛው ከጓሮ ወጥቶ፣ ቤቱን ዞሮ፣ በሁለት ምርኩዝ ተደግፎ ከደረጃው ሥር ቆሟል። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። መንገደኛው ቆም እያለ ያየዋል።

«ድውዩ ወንድምሽ እዚህ ነኝ» አለ።

«ኧረ ዳኛው! ምን ነካህ? አንተ ራስህ አይደለህም ጓሮው ይበቃኛል ያልኸኝ?»

«ብያለሁ። ደረጃሽን አይቼ ነዋ! ሌላ ምን እንድልሽ ነበር?»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ተነሥተው ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ክንዱ በሩ ላይ ጆሮውን ቢያደርግ የሚሰማው ልቅሶ እንኳ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ሲወርድ እናቱን ከመጋዘኑ ደጅ አገኛቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አስረው ተሸካሚዎቹን ያዝዛሉ።

«ገብሱን ወደ ጓሮው ክፍል ውሰዱት» ይላሉ። «ወንድሜ የነበረበት ክፍል ለእህል ይበቃል።»

ድምፃቸው ሲሰበር ወደ ግድግዳው ዞሩ። ክንዱ አላቀፋቸውም፤ ጆንያ አንሥቶ ተሸከመ።

ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ግንበኛው ሲጠርብ ሲያነጥፍ ሰነበተ። ክንዱ ድንጋይ እያቀበለ እጁ ተላጠ። ዳኛው ደግሞ ከአጠገባቸው ተቀምጦ፣ ዳገቱ ሲበዛበት «አስተኛው፣ በዚህ ላይ እኔ ብወድቅ አንተ ነህ የምታነሣኝ» እያለ ያስፈርሳቸዋል። በፋሲካ ዕለት ዳኛው በራሱ ምርኩዝ ገብቶ ከገበታው ራስ ተቀመጠ። ወጡ ትኩስ ነበርና አፉን አቃጠለው፤ እሱ ግን ሳቀ። የዚያን ጊዜ ለክንዱ ቤቱ ሞልቶ ታየው። የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱን ያጎደለው ደግሞ ራሱ ነው።

ከፋሲካ በኋላ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ዳባት ወጣ። በመንገድ ላይ ለመሪጌታ ሐብተ ማርያም ቁጣ ራሱን ሲያዘጋጅ ነበር። ያልተዘጋጀው ለደረሰበት ነገር ነው።

«ኧረ የጎንደሩ እንግዳችን!» አሉ መሪጌታ ከደጅ ወጥተው። «ግባ፣ ግባ ልጄ፣ ቤት የእግዜር ነው።» ትከሻውን ይዘው አስገቡት፤ ከራሳቸው መደብ ላይ አጎዛ አንጥፈው አስቀመጡት። «ያን ጊዜ ሆቴልህ ሞልቶብህ ልጆቼን ማሳደር ባለመቻልህ ምን ያህል እንዳዘንህ ወለተሩፋኤል ነግራኛለች። አይክፋህ። የሰው ብዛት ምን ይደረጋል?»

ክንዱ ደንግጦ ወደ ወለተሩፋኤል አየ። ከግድግዳው ጥግ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። እንዝርቷን አላቆመችም፤ ዐይኗንም አላነሣችም።

ዶሮ ታረደ። አላምረው ውሃ ይዞ መጥቶ ወገቡን ሰበር አድርጎ አስታጠበው። መሪጌታ ማዕዱን ባርከው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእንግዳው አጎረሱት። ክንዱ ዋጠው፤ እንዴት እንደዋጠው ግን አያውቅም።

«የቆጨኝ የሐኪሙ ነገር ነው» አሉ መሪጌታ። «ሌላ ማረፊያ ሲያስሱ ውለው፣ አንዱ ቤቴ ደረጃ አለው ይላል፣ አንዱ እንዲህ ያለ ሰው አናሳድርም ይላል፣ ሊመሽባቸው ሲል ተመለሱ። ጥር ሲያልቅ ሰውየውም ወዳገሩ ሄደ አሉ። ያን ብረት ቢያስርላት እኮ ትቆም ነበር። ልጄን ቆማ አይቻት አላውቅም።»

ክንዱ ይህን አልሰማም ነበር። እሱ የሚያውቀው ያሳፈራት መሆኑን ነው፤ መቆሟን የወሰደባት መሆኑን አላወቀም። እጁ ከገበታው ላይ ተነሣ።

«መሪጌታ፣ ቤታችን አልሞላም ነበር።»

እንዝርቱ ቆመ።

«ክፍት ክፍል ነበረን። እሷም ደጄ ድረስ መጥታ፣ በሰው ፊት ስሜን ጠርታ ነበር። እናቴ ታውቃታለህ ወይ ስትለኝ አላውቃትም አልሁ። አፍሬ ነው፣ መሪጌታ። በእሷ አፍሬ፣ አሁን በራሴ አፈርሁ። ይህ አፌ ይህን እንጀራ የሚበላ አፍ አይደለም።»

አላምረው ዱላውን አንሥቶ ብድግ አለ። «ያን ቀን በቅሎ ሳስር!» አለ። «እኔ በቅሎ ሳስር ነው ይህ ሁሉ?»

«ተቀመጥ!» አሉ አባቱ። «እንጀራችንን ቆርሷል።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ቅድም ያልነበረ ሽምግልና በፊታቸው ላይ ወጥቶ ነበር። ክንዱ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል በእጃቸው አገዱት።

«ከቤቴ ውጣ ልልህ እችል ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ግን እንግዳ ከደጄ ተመልሶ አያውቅም፤ በአንተ አልጀምርም።» አላምረውን አስከትለው ወጡ። በሩን ክፍት ተዉት። ክንዱ ቢመቱት ይሻለው ነበር።

«ምነው አወጣኸው?» አለች ወለተሩፋኤል። «እኔ ቀብሬው ነበር።»

«ስለ እኔ ብለሽ መዋሸትሽ ነው የገደለኝ።»

«ስለ አንተ?» አለች ቀና ብላ። «ስለ አንተ መሰለህ? አባቴ በሰው አገር እንደ ለማኝ መቆጠሬን እንዳይሰማ ብዬ ነው። እሱን ደብቄለት ነበር። አንተ ልብህ እንዲቀልልህ ብለህ በሱ ላይ ጫንኸው።»

ክንዱ ይህንንም አላሰበውም ነበር። ንስሐው ራሱ ሌላ በደል ሆኖ ከፊቱ ተቀመጠ። በተቆራረጠ ቃል ስለ አጎቱ፣ ስለ ምድር ቤቱ፣ ስለ ድንጋዩ መንገድ ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችው።

«ድንጋይ ስላነጠፍህ ልታረቀኝ መጣህ?»

«የለም። እንድታውቂው ብዬ ነው።»

«ያን ደረጃ ልጨርሰው ነበር እኮ፣ ክንዱ። ብዙ ደረጃ ወጥቻለሁ። የመለሰኝ ድንጋዩ አይደለም፣ አፍህ ነው። ሁለቱን አትቀላቅልብኝ። መንገዱን መሥራትህ ሸጋ ነው፤ እኔ ብጠላህም ሸጋ ነው። ለሚመጣው ሰው ሁሉ ይሆናል። የእኔና የአንተ ጉዳይ ግን በግንበኛ አያልቅም።»

እንዝርቷን እንደገና አሽከርክራ፣ «አጎትህ መጀመሪያ የገባ ቀን ምን አለ?» ብላ ጠየቀችው።

«ወጡ አቃጥሎት ሳቀ።»

ከንፈሯ ሳትፈልግ ፈታ አለ፤ ቶሎም መለሰችው። «እሱን መጥቼ አየዋለሁ። ሐኪሙ ለከርሞ ይመለሳል የሚሉም አሉ። ስመጣ የማንም እንግዳ አልሆንም፤ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ገብቼ፣ የምቀመጥበትን ራሴ መርጬ እቀመጣለሁ።»

«እኔስ?»

«አንተ ገና ነህ።»

ክንዱ ራሱን ደፋ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አታልቅስ» አለችው በቁጣ፤ የእሷም ዐይን ሞልቶ ነበር። «ስታለቅስ አዝንልሃለሁ። ዛሬ ላዝንልህ አልፈልግም።»

እንባውን ዋጠ። በክፍቱ በር የመሪጌታ የጸሎት ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ወለተሩፋኤል እንዝርቷን አስቀምጣ እየተንፏቀቀች ወደ ገበታው መጣች። የቀዘቀዘውን ወጥ ወደ ጎን አድርጋ ከድስቱ ትኩስ ጨለፈችለት።

«ብላ» አለችው። «አባቴ ሲመለስ ገበታውን እንዳለ ካገኘው ያዝናል። እንግዳ ነህ።»

ክንዱ ቆረሰ። እምቢ ማለት ሌላ ስድብ ይሆንባቸዋል። ቢያባርሩት ኖሮ እያለቀሰ መንገዱን ይወርድ ነበር። እነሱ ግን አብልተው ሊያሳድሩት ነው። ከዚያ ሁሉ ደግነት የሚሸሽበት አጥቶ፣ ጉርሻውን በአፉ ይዞ፣ ዐይኗን ማየት አቅቶት ተቀመጠ።

እሷም እያየችው፣ ሌላ እንጀራ ዘረጋችለት።